ምዕራፍ 5፦ ከተከላ የሚቀድመው ቆጠራ

ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር ከመቶው 40 እጁ በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለው ቃል በትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ በመንግሥት ሰነዶች፣ በጋዜጣና በራዲዮ ሲነገር ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ሰሚውም ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ ታወቀ ነገር ተቀብሎታል፤ ችግኝ አፍልቶ አገሪቱን ወደ ጥንተ ልምላሜዋ ለመመለስ ከወጡት ዕቅዶችም ብዙዎቹ መነሻቸውን ከዚሁ ቃል አድርገዋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ማን ቆጠረው፣ በየትኛው ዓመት፣ በምንስ መለኪያ ለካው ብሎ የጠየቀ ሰው ከቃሉ በስተ ኋላ በመስክ ተለክቶ የተጻፈ መዝገብ አላገኘም። የኢትዮጵያን የእርሻ ታሪክ በማጥናት የታወቀው አሜሪካዊው ሊቅ ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን ቃል ፈለግ ተከትሎ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ ግምት እንጂ በማስረጃ የቆመ ልኬት አለመሆኑን አስረድቷል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ነገሩ የአንድ ቁጥር ትክክል መሆንና አለመሆን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንት ክርክር ትተነው ባለፍን ነበር። ነገር ግን በአገር ላይ የሚታወጅ ሥርዐት ሁሉ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነውና፣ እምነቱ ሲሳሳት ሥርዐቱም አብሮ ይሳሳታል። ገላጣ ሆኖ የታየ ምድር ሁሉ ደኑን የተነጠቀ ምድር ነው ብሎ ያመነ ሹም፣ የቀረው ሥራ ጉድጓድ መቆፈርና ችግኝ ማብዛት ብቻ ይመስለዋል፤ ከጥንትም ሣር ብቻ ያበቅል የነበረውን አምባ፣ ዛፉ ትናንት የተቆረጠበትን ጫካ፣ ሥሩ ከአፈር በታች ገና ሕያው የሆነውንም ኮረብታ በአንድ ዓይን ይመለከታቸዋል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ልናስረዳ የምንወደው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የደን ካርታና የደን ቆጠራ ከሚሰጡት አገልግሎት ሁሉ የሚበልጠው፣ የትኛው ምድር እንዲተከልበት፣ የትኛው ተከልሎ እንዲጠበቅ ብቻ፣ የትኛውስ ፈጽሞ ዛፍ እንዳይገባበት እንደሚያስፈልግ ለይቶ ማሳወቁ ነው።

የቀድሞ ሥዕሎች ምስክርነት

በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል የፎቶግራፍ መሣሪያ የያዙ ወታደሮች አብረውት ነበሩ፤ እነዚህም ሠራዊቱ ያለፈበትን ተራራና ሸለቆ፣ የሰፈረበትንም ሜዳ እየቀረጹ ሄዱ። በቤልጂግ አገር በጌንት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ያን ኒሰን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ 140 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ፎቶግራፎቹ የተነሡበትን ስፍራ በሰሜን ኢትዮጵያ እየፈለገ፣ በዚያው ቆሞ ያንኑ መልክዐ ምድር ዳግመኛ አነሣ፤ ጥናቱም በ2009 ታተመ። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነገር ገለጹ፤ ምክንያቱም የሰሜኑ ደጋ ገና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ዛፉ የሳሳ፣ ተዳፋቱም የተራቆተ ሆኖ ሲገኝ፣ በአዲሱ ሥዕል ግን በብዙ ስፍራ ቁጥቋጦውና ዛፉ ከቀድሞው በዝቶ፣ እርከኑም ተሠርቶ ታየ። ይህም ገበሬው ከከብት ንክኪ ከልሎ የጠበቀው ተራራና በእጁ የካበው የድንጋይ እርከን ያስገኘው ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከሰማይ የተነሣው ነው። በ1930ዎቹ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ለካርታ ሥራ ሲሉ ያነሡአቸው በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተከማችተው ብዙ ዘመን ከቆዩ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ሥዕሎቹን ከዛሬው የሳተላይት ሥዕል ጋር ማስተያየት ጀመሩ። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በ1938 የተነሡትን ሥዕሎች ወስዶ፣ የደቡብ ጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከበው የሚገኙትን ደኖች መረመረ። ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ሰው የሚያስበው፣ እነዚህ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠብቀው የቀሩት ጥዶች፣ ወይራዎችና ዝግባዎች በቅርብ ዘመን ምድሩን ሁሉ አልብሶ ከነበረ አንድ ታላቅ ደን የተረፉ ቁራጮች ናቸው ብሎ ነበር። ፎቶግራፎቹ ግን በ1938ም ደኖቹ እንደ ዛሬው ለየብቻቸው የቆሙ እንደ ነበሩ፣ ስፋታቸውም በአብዛኛው ሳይጎድል እንደ ቆየ አሳዩ። የጠፋው በዙሪያቸው ከነፋስና ከከብት ይከልላቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ ባሕር ዛፍ ገብቶ የአገር በቀሉን ስፍራ ይዟል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ የኢትዮጵያ ደን አልተጨፈጨፈም የሚል ቢኖር እርሱም በተራው ይሳሳታል። መንግሥት የደን መጠን መነሻ ልኬት አድርጎ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ጽሕፈት ቤት ያቀረበው ሰነድ እንደሚለው፣ ከ2000 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ያህል ደን ሲጠፋ፣ አዲስ የለማው ግን 19,000 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ በትግራይ ተራራ ላይ ቁጥቋጦው ሲያገግም፣ በደቡብ ምዕራብ ቡና አብቃይ ጫካዎችና በባሌ ግርጌ ደኑ ሊሳሳ ይችላል፤ ሁለቱን ደምሮ አንድ አማካይ ቁጥር ያወጣ ሰው አንዱም ስፍራ የሚያስፈልገውን መድኃኒት አያገኝም። ካርታ የሚያስፈልገው ይህን ድምር ለመበተንና እያንዳንዱን ስፍራ በየራሱ ሁኔታ ለማየት ነው።

መለኪያውና ቁጥሩ

የእንጨት ሀብትን ለመቁጠርና ዕቅድ ለማውጣት የተቋቋመው የመንግሥት ፕሮጀክት ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ በ2004 ባወጣው ዘገባ፣ የአገሪቱ ረጃጅም ዛፍ ያለው ጥቅጥቅ ደን 4.07 ሚሊዮን ሄክታር፣ ይኸውም ከጠቅላላው ምድር 3.56 ከመቶ መሆኑን አስታወቀ። ከላይ የጠቀስነው የ2016 ሰነድ ደግሞ የደን ሽፋኑን 15.5 ከመቶ አደረሰው። ሁለቱን ዘገባዎች ብቻ ያነበበ ሰው በዐሥራ ሁለት ዓመት ደኑ ከአራት እጥፍ በላይ አደገ ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም፤ እውነቱ ግን ያደገው ደኑ ሳይሆን የተለወጠው መለኪያው ነው። በ2015 የጸደቀው አዲስ ትርጓሜ ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ የዛፉ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ የቅርንጫፉ ጥላ ከመሬቱ ቢያንስ 20 ከመቶ የሚሸፍን ሁሉ ደን እንዲባል ወሰነ፤ ቀርከሃም በዚሁ ተቆጠረ። በዚህም ቀድሞ በ29 ሚሊዮን ሄክታር ላይ ተሠራጭቶ፣ የዛፍ ምድር ተብሎ ለብቻው ይመዘገብ ከነበረው የቆላ ግራር፣ አባሎና ወይባ፣ ጥቂት የማይባለው ክፍል ወደ ደን መዝገብ ገባ።

ይህ የመለኪያ ለውጥ ለጸሓፊዎች ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። ከደን መዝገብ ውጭ የቆየው የቆላ ዛፍ በሹማምንት ዓይን ባለቤት እንደሌለው ባዶ መሬት ስለሚታይ፣ ለሰፊ እርሻም ለሰፈራም ሲሰጥ የሚከራከርለት አልነበረም፤ ወደ መዝገብ ከገባ በኋላ ግን መጥፋቱ እንደ ጥፋት ይቆጠራል፣ ጥበቃውም እንደ ልማት ይታሰባል። ስለዚህ አንባቢ የደን ቁጥር ባየ ጊዜ ሁሉ ከቁጥሩ አስቀድሞ መለኪያውን ይጠይቅ፤ ሁለት ዓመታትን የሚያነጻጽር ዘገባ ባየ ጊዜም በሁለቱም ዓመታት የተያዘው መለኪያ አንድ መሆኑን ያረጋግጥ።

የቆጠራው ጥበብ ራሱ ሁለት ክንድ አለው፤ አንደኛው ከሰማይ ያያል፣ ሁለተኛው በእግሩ ይሄዳል። ላንድሳት የተባለው ሳተላይት ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲቀርጽ ኖሯል፤ ከ2015 ወዲህም ሴንቲኔል ሁለት የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በየጥቂት ቀኑ እየተመላለሰ በ10 ሜትር ልክ ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን ከሰማይ የሚታየው ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ አረንጓዴ በሆነ ጊዜ የባሕር ዛፍ እርሻና የአገር በቀል ደን ለማያስተውል ሰው አንድ ይመስላሉ። በከፋና በኢሉባቦር የቡና ጫካ ደግሞ፣ ገበሬው ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ከሥር የሚበቅለውን ሁሉ በየዓመቱ ሲመነጥር፣ ታላላቆቹ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተው ስለሚቆዩ ሳተላይቱ ምንም ጉድለት አያይም፤ ወደ ፊት እነርሱን የሚተካው ለጋ ዛፍ ግን በገጀራ እየተወገደ ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላው በእግሩ የሚሄደው ቆጣሪ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለብዙ አገሮች ባስተማረው ሥርዐት መሠረት፣ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆነ ናሙና ውስጥ እያንዳንዳቸው 250 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ወርድ ያላቸው አራት መደቦች ይመደባሉ፤ ቆጣሪዎቹም ጂፒኤስ ይዘው፣ ገደል ቢሆን ወንዝ ቢሆን ካርታው ወዳመለከተው ነጥብ ደርሰው፣ የእያንዳንዱን ዛፍ ስም ይመዘግባሉ፣ ግንዱን ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍ ብለው ይለካሉ፣ ከሥሩ የበቀለውን ቡቃያ ይቆጥራሉ፣ የአካባቢውንም ሰው ስለ እንጨቱ፣ ስለ ግጦሹና ስለ መሬቱ ይዞታ ይጠይቃሉ። የሚመቸውን ስፍራ እየመረጡ መቁጠር ክልክል ነው፤ መንገድ ዳር ያለውን ብቻ የቆጠረ ሰው ስለ መንገድ ዳር ብቻ ያውቃልና።

የዚህን የእግር ቆጠራ ዋጋ ከእጣን ዛፍ በላይ የሚያስረዳ የለም። በቤተ መቅደሳችን የሚታጠነውን እጣን የሚሰጠው ይህ ዛፍ በመተማ፣ በትግራይና በቤኒሻንጉል ቆላዎች ሰፊ ምድር ይዞ ስለሚታይ፣ ካርታውን ብቻ ያየ ሰው አንዳች አደጋ አያስብም። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን ያሉበት አንድ የሊቃውንት ጉባኤ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የእጣን ዛፍ ስፍራዎችን መርምሮ፣ ከ20,000 የሚበልጡ ዛፎችን በውፍረታቸው ለይቶ በ2019 ባሳተመው ጥናት፣ ከስፍራዎቹ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ለጋ ዛፍ ፈጽሞ አለመገኘቱን ገለጸ፤ ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተውበት የሕፃን ድምፅ የማይሰማበት መንደር ማለት ነው። እሳትና ከብት ቡቃያውን ያጠፋሉ፤ ለእጣኑ ሲባል ቅርፊቱን ያለ ዕረፍት መፋቅ ያደከመው ታላቁም ዛፍ ዘሩ ይመነምናል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በሃያ ዓመት ውስጥ የእጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ተገምቷል። ለዚህ ምድር የሚያሻው ሕግ ከብትን የሚከለክል፣ እሳትን የሚያጠፋ፣ ዛፉን በየተራ የሚያሳርፍ ሕግ ነው፤ በሌላ ስፍራ የፈላ ችግኝ አምጥቶ መትከል ብቻውን አይፈውሰውም።

ለየምድሩ የሚገባው

ደን ስንት እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ በየስፍራው ሊበቅል የሚገባው ምንድር ነው የሚለው ነው። ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ ሰብስቤ ደምሰው ከዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስና ከፓውሎ ፋን ብሩገል ጋር ሆነው በ2010 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዕፀዋት አትላስ፣ የምድሩን ከፍታ፣ የዝናሙን መጠንና በብዙ ዓመት የተሰበሰበውን የዕፀዋት መዝገብ አስተባብሮ አገሪቱን በ12 ታላላቅ ክፍሎች ይከፍላታል። በደጋው ጥድ፣ ወይራና ዝግባ፤ በውርጩ አቅራቢያ ኮሶና አስታ፤ በእርጥቡ ደቡብ ምዕራብ ቀረሮ፤ በምዕራቡ ቆላ አባሎና ወይባ፤ በምሥራቁና በደቡቡ ደረቅ ምድር ግራርና ከርቤ፤ ከሁሉ በላይ በሆነው ከፍታ ደግሞ ጅብራና ጓሳ። ይህ አትላስ በእጁ ያለ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ የየትኛውን ዛፍ ዘር ከየትኛው ምድር መልቀም እንደሚገባው ያውቃል፤ በደቡብ ጎንደር ቢሆን ዘር የሚለቅምባቸው እናት ዛፎች በየደብሩ ዐጸድ ቆመው እንደሚጠብቁት የደኖቹ ካርታ ያመለክተዋል።

ካርታ አትትከል የሚልበትም ስፍራ አለ። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር ምድር ነው። የአገሩ ሰው ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለብዙ ዘመን ቀሮ ይባል በነበረው ሥርዐት አምባውን እየዘጋና እየከፈተ፣ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር፣ ለድርቅ ዘመን የሚሆነውንም ግጦሽ ጠብቆ ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ተጠልለውበታል። ዛፍ የለበትምና የተራቆተ ነው ብሎ ባሕር ዛፍ የሚተክልበት ሰው ቢመጣ፣ አምባው ምንጩን፣ ሣሩንና አራዊቱን በአንድነት ያጣ ነበር። የዕፀዋት አትላሱ የሣር ምድርን ራሱን እንደ ቻለ ፍጥረት መዝግቦ ማስቀመጡ እንዲህ ካለው በበጎ ልብ ከሚሠራ ጥፋት ይጠብቃል።

ምድሩን ሳይመረምሩ መትከል ምን እንደሚያስከትል የአፋር አገር ታስተምራለች። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአዋሽ ሸለቆ አፈር እንዲይዝ፣ ጥላም እንዲሰጥ ተብሎ የተተከለው፣ አፋሮች ወያኔ የሚሉት ባለ እሾህ የውጭ ዛፍ፣ ድርቅ የማይበግረው በመሆኑ ሲመሰገን ቆይቶ፣ ፍሬውን ከብት እየበላ በየሄደበት ስለሚዘራው የግጦሹን ሜዳ ወረረ፤ የአርብቶ አደሩ መንገድና የውኃ ዳርቻም በእሾህ ተዘጋ። ዛፍ በመብዛቱ የከብቱ መኖ ጠፋ፤ በሽፋን ቁጥር ብቻ ቢመዘን ግን ይህም እንደ ልማት ሊቆጠር ይችል ነበር።

ሳይተከል የበቀለ ደን መኖሩን ደግሞ በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ይመሰክራል። ተራራው ለዓይን የተራቆተ ቢመስልም፣ የመስክ ጥናቱ ከአፈር በታች ያልሞቱ ሥሮችና ጉቶዎች መኖራቸውን ስላሳየ፣ በ2006 ገደማ በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት ከግጦሽና ከመጥረቢያ ተከለለ፤ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቅርንጫፎች ብርቱው እየተመረጠ ደካማው ተገረዘ፤ አዲስ ችግኝ የተተከለው ሥር በጠፋበት ስፍራ ብቻ ነው። ገበሬዎቹም በማኅበር ተደራጅተው የደኑ ባለመብቶች ሆኑ፤ በ2009ም ሥራው በዓለም አቀፍ የካርቦን መዝገብ ገባ። ቆጣሪ አስቀድሞ ባይላክ ኖሮ ብዙ ገንዘብ ለማያስፈልግ ችግኝ በፈሰሰ ነበር።

ከካርታ ወደ ሥርዐት

ኢትዮጵያ 15 ሚሊዮን ሄክታር የተጎዳ ምድር መልሳ ለማልማት ለዓለም ቃል ገብታለች፤ በ2018ም የደን ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ዛፍን መሠረት ያደረገ ልማት በየት በየት ሊደረግ እንደሚችል የሚያሳይ የመላ አገሪቱን ካርታ አሳትሟል። የዚህ ካርታ መልካምነቱ አንድ ዓይነት ተከላ ለሁሉ አለማዘዙ ነው፤ የተፈጥሮ ደን የሚያገግምበትን፣ ከእህል ጋር ዛፍ የሚበቅልበትን፣ ከግጦሽ ጋር የሚስማማበትን፣ ለገበያ የሚሆን እንጨት የሚለማበትን ስፍራ ለየብቻ ያመለክታል። በቀጣዩ ዓመት የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ተጀምሮ፣ ጁላይ 29 ቀን 2019 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ሕዝብ ስለ ዛፍ ብሎ በአንድ ልብ ሲወጣ ማየት ታላቅ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ በብዙ አገር በሕግም በገንዘብም አይገኝም። ይህ ፈቃድ ዓመት ከዓመት እንዳይደክም ግን ፍሬው ሊታይ ይገባል፤ ፍሬውንም የሚያሳየው ተከታታይ ቆጠራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሹማምንቱና ለሕዝቡ የምናቀርበው ምክር ይህ ነው። አስቀድሞ፣ የችግኝ ጣቢያ ዘር የሚያፈላው ከካርታው ተነሥቶ ይሁን፤ ችግኝ ለተከላ እስኪደርስ ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይወስዳልና፣ የሚተከልበት ምድር ሳይታወቅ የፈላ ችግኝ በተገኘበት ስፍራ ከመተከል አያመልጥም። ቀጥሎ፣ የመስክ ቆጣሪው ሥር፣ ጉቶና ቡቃያ መኖሩን ሳያረጋግጥ ማንኛውም ኮረብታ የተራቆተ ተብሎ አይመዝገብ፤ ከብቱን በዚያ የሚያሰማራው ገበሬም ሳይጠየቅ አይከለል፤ መሬቱ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀበት ዛፍ ጠባቂ የለውምና። ከዚያም፣ የተከላው ስፍራ ሁሉ በካርታ ላይ ምልክቱ ተጽፎ፣ በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት ያንኑ መደብ ተመልሶ የሚቆጥር ሰው፣ ለዚህም የሚሆን በጀት ከተከላው ገንዘብ ጋር አብሮ ይመደብ።

ከሁሉ በላይ የዘገባው ልማድ ሊለወጥ ይገባል። ሹም የሚመሰገነው በተተከለው ቁጥር ሲሆን ወረዳው ሁሉ ለመትከል ይሽቀዳደማል፤ በጸደቀው ቁጥርና ከተከለለው መሬት በራሱ በበቀለው ሲመዘን ግን ውኃ የሚያጠጣ፣ ከብት የሚከለክል፣ ጉቶ የሚገርዝ እጅ ዋጋ ያገኛል። አንድ ወረዳ በዘንድሮው ክረምት አንድም ችግኝ ሳይተክል፣ የሣሩን አምባ ስለ ጠበቀ ወይም የቆላውን እጣን ዛፍ ከእሳት ስላዳነ የሚመሰገንበት ዘገባ በተጻፈ ጊዜ፣ ቆጠራው ወደ ሥርዐት መድረሱን፣ ካርታውም በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከመቅረት ማለፉን እናውቃለን።